አየር ይጠብሳልን? የኤር ፍራየርና የኤንቺላዳ ፊዚክስ

«ኤር ፍራየር» የሚባለው የወጥ ቤት መሣሪያ ስሙ ሲፈታ «በአየር የሚጠብስ» ማለት ነው። በአማርኛ «ጠበሰ» የሚለው ግስ ሰፊ ነው፤ ሥጋን በቅቤ መጥበስም፣ የበቆሎ እሸትን በፍም ላይ መጥበስም በአንድ ቃል ይነገራሉ። ስሙ የወጣበት የእንግሊዝኛ ቃል ግን በዘይት ወይም በስብ ማብሰልን የሚያመለክት በመሆኑ፣ በዚያ ፍቺ መሠረት መሣሪያው አይጠብስም። ታዲያ ምን ያደርጋል? በጥቂት ዘይትስ እንዴት ጥርስ ላይ ኩርሽምሽም የሚል ምግብ ሊወጣው ይችላል? በዚህ ጽሑፍ መልሱን የምንፈልገው ለመሣሪያው አስቸጋሪ ከሆኑት ምግቦች አንዱን፣ በበሬ ሥጋ የተሞላውን ኤንቺላዳ፣ ምሳሌ አድርገን ነው። አስቸጋሪውን የመረጥነው ሆን ብለን ነው፤ የድንች ጥብስ ለመሣሪያው ቀላል ፈተና ስለሆነ ብዙም አያስተምረንም።

ኤንቺላዳ የሜክሲኮ ምግብ ነው። በስፓኝኛ ቃሉ «በቺሌ የተለወሰ» እንደማለት ሲሆን፣ ቺሌ የሚባለው እኛ ቃሪያና በርበሬ የምንለው ተክል ነው። የምግቡ መሠረት ቶርቲያ፣ ማለትም ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር ስስና ክብ ቂጣ ነው። በቆሎው ከመፈጨቱ በፊት ከኖራ ጋር ተቀቅሎ ተዘፍዝፎ ያድራል። ኖራው የፍሬውን ልባስ ያላቅቃል፣ ሊጡ እንዲያያዝ ይረዳል፣ በተጨማሪም በበቆሎ ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታዋል። በቆሎ ወደ አውሮፓ ሲሻገር ይህ ጥበብ አብሮት ባለመሻገሩ፣ በቆሎን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ድሆች ፔላግራ በተባለ በሽታ ለረጅም ዘመን ተሠቃይተዋል። በነገራችን ላይ በቆሎም በርበሬም ወደ አገራችን የመጡት ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው።

በሜክሲኮ ልማድ ቶርቲያው በቺሌ ስጎ ተነክሮ በጋለ ዘይት ለጥቂት ሰከንዶች ካለፈ በኋላ ይሞላል፣ ይጠቀለላል፤ የሚበላውም ለስላሳ ሆኖ ነው። የተፈጨ የበሬ ሥጋና ብዙ ቺዝ ያለበት፣ በኦቭን የሚጋገረው ዓይነት በአመዛኙ ከቴክሳስና ከአካባቢው የመጣ ነው። ኩርሽምሽም የሚለው ኤንቺላዳ ደግሞ ፍላውታ ለተባለው፣ ተጠቅልሎ በዘይት ለሚጠበሰው ቶርቲያ ይበልጥ ይቀርባል። የሜክሲኮ እናቶች «ይህማ ኤንቺላዳ አይደለም» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንለፍ። አንድ ምግብ ኩርሽምሽም ይላል የምንለው በጥርስ ሲነካ ሳይለመጥ በድንገት ሲሰበር ነው። ቶርቲያ በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርች በቂ ውኃ ሲይዝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ስለሚንሸራተቱ እንደ ጎማ ይለመጣል። ውኃው ወርዶ ከጠቅላላ ክብደቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ሲቀር ግን ሞለኪውሎቹ ባሉበት ይቆለፋሉ፤ ስታርቹም እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን የመስታወት ሽግግር ይሉታል። ድርቆሽን ያየ ሰው ሽግግሩን በሁለቱም አቅጣጫ ያውቀዋል፤ እንጀራው ደርቆ ይሰበራል፣ ወጥ ሲነካው ደግሞ ወዲያው ይለሰልሳል። እንግዲህ ኩርሽምሽም ማድረግ ማለት በመሠረቱ ከምግቡ ገጽ ላይ ውኃን ማስወገድ ማለት ነው።

ውኃን ማስወገድ ደግሞ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። አንድ ግራም ውኃን ለማትነን ወደ 2,260 ጁል የሚጠጋ ድብቅ ሙቀት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ኃይል ያንኑ አንድ ግራም ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ገጹ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የሚደርሰው ሙቀት ሁሉ ለትነት ስለሚውል፣ በዙሪያው ያለው አየር 200 ዲግሪ ቢሆንም እንኳ የገጹ ሙቀት ከውኃ መፍያ ነጥብ በላይ ሊወጣ አይችልም። እንዲያውም በደረቅ አየር ውስጥ ያለ እርጥብ ገጽ ከመፍያ ነጥብ በታች ይቆያል፤ ላብ ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ሙቀቱ ወደ ገጹ በምን ፍጥነት ይደርሳል የሚለው ይሆናል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1701 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ የተመሠረተው ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ሰከንድ የሚተላለፈው ሙቀት ከገጹ ስፋትና ከሙቀት መጠኑ ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ተባዡ ቁጥር የሙቀት ማስተላለፍ ምጣኔ ይባላል። ረግቶ በራሱ ብቻ ለሚንቀሳቀስ አየር ይህ ምጣኔ በስኩዌር ሜትር በኬልቪን ወደ 10 ዋት ገደማ ነው። በማራገቢያ ለሚነዳ አየር ብዙ አሥሮች ይደርሳል፤ ምግብ በሚንቸከቸክበት ጋለ ዘይት ውስጥ ደግሞ ብዙ መቶዎች። ልዩነቱ የሚመጣው ከገጹ ጋር ተጣብቆ ከሚቀረው ስስ የአየር ሽፋን ነው። አየር ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ይህ ሽፋን እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል። ማራገቢያው የሚሠራው ሥራ ይህን ብርድ ልብስ ማሳሳት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በቁጥር እንየው። አንድ የተጠቀለለ ኤንቺላዳ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው የጎኑ ስፋት 0.013 ስኩዌር ሜትር ያህል ይሆናል። ቶርቲያው 25 ግራም ቢመዝንና ኩርሽምሽም እንዲል 5 ግራም ውኃ መትነን አለበት ብንል፣ የሚያስፈልገው ኃይል 11 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አየሩ 200 ዲግሪ፣ እርጥቡ ገጽ 70 ዲግሪ ይሁን። በረጋ አየር ወደ ገጹ የሚደርሰው 17 ዋት ብቻ ስለሆነ ሥራው 11 ደቂቃ ይወስዳል። ማራገቢያው ምጣኔውን ወደ 60 ከፍ ካደረገው 100 ዋት ያህል ይደርሳል፤ ጊዜውም ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል። በ180 ዲግሪ ዘይት ውስጥ፣ ምጣኔው 400 ቢሆን፣ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እነዚህ ዝቅተኛ ግምቶች ናቸው፤ ከሙቀቱ ከፊሉ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፣ ኤንቺላዳዎቹም እርስ በርስ ይከላለላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። ኤር ፍራየር በተራ ኦቭንና በዘይት መጥበሻ መካከል የቆመ፣ ለኦቭኑ ግን ይበልጥ የሚቀርብ መሣሪያ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይመሰክራል። አሜሪካዊው ዊሊያም ማክሰን እ.ኤ.አ. በ1945 በአውሮፕላን ላይ የቀዘቀዘ ምግብ ለማሞቅ ማራገቢያ ያለው ምድጃ አቅርቦ ነበር። ፊሊፕስ በኔዘርላንዳዊው ፍሬድ ቫን ደር ዌይ ፈጠራ ላይ የተመሠረተውን ኤር ፍራየር ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አዲሱ ነገር ሳጥኑን ማሳነስ፣ ነፋሱን ማጠንከርና ቅርጫቱን በመብሳት አየሩ ከሥርም እንዲመጣ ማድረግ ነበር።

ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል፤ እርሱም ስጎው ነው። በአንድ ኤንቺላዳ ላይ 30 ግራም ስጎ ብናፈስስ 27 ግራሙ ውኃ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ያንን ለማትነን 61 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ በ100 ዋት 10 ደቂቃ መሆኑ ነው። በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ስጎው ወደ ታች እየሰረገ ስታርቹን ያለሰልሰዋል፣ ያልተሸፈኑት ጫፎች ያርራሉ፣ የሥጋው ጭማቂ ያልቃል። ሙቀቱን ወደ 220 ማሳደግም አያድንም። የልዩነቱ ቁጥር ከ130 ወደ 150 ከፍ ስለሚል ትርፉ ከ10 ደቂቃ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ የጫፎቹ ማረር ግን ከዚያ በላይ ይፋጠናል። በስጎ ተሸፍኖ ገብቶ ኩርሽምሽም ብሎ የሚወጣ ኤንቺላዳ የለም፤ ይህን የሚከለክለው የውኃ ድብቅ ሙቀት ነው። ስለዚህ ስጎው መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥተን አሠራሩን መዘርዘር እንችላለን። የተፈጨው ሥጋ አስቀድሞ በመጥበሻ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከከሙንና ከቺሌ ዱቄት ጋር ይበስላል፤ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ እንዲደርስ የሚመከር ሲሆን፣ ይህ በመጥበሻው ላይ ማለቅ አለበት እንጂ ለኤር ፍራየሩ የሚተው አይደለም። ውኃው እስኪመጥ ድረስ ይቁላላ፤ እርጥብ ሙሌት ቶርቲያውን ከውስጥ ያለሰልሰዋልና። ከስጎው ሁለት ማንኪያ ያህል እዚህ ውስጥ ገብቶ ቢመጥ ጣዕሙ ሳይቀር ውኃው ይቀራል። ቶርቲያዎቹ ከመጠቅለላቸው በፊት በምጣድ ይሞቁ። የቀዘቀዘ ቶርቲያ የሚሰነጠቀው ስለደረቀ ብቻ ሳይሆን የስታርቹ ሞለኪውሎች ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ስለሚደራጁ ነው፤ ሙቀት ይህን ድርጅት ይፈታዋል። ጥቅሉ መገጣጠሚያው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ፤ አለዚያ ነፋሱ ይፈታዋል። በጥቅሎቹ መካከል የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፤ በተነካኩበት ቦታ ነፋስ አያልፍም፣ እንፋሎቱም አይወጣም። በ190 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ካሳለፉ በኋላ ቺዙ ለመጨረሻዋ ደቂቃ ከላይ ይጨመራል። ትኩሱ ስጎ በሰሃን ላይ ይፈስሳል፤ ምግቡም ሳይዘገይ ይበላል።

አንባቢ «ዘይቱስ ጨርሶ ይቅር?» ሊል ይችላል። አይቅር። በብሩሽ የተቀባ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ለስድስት ኤንቺላዳ ይበቃል። ዘይቱ ሙቀትን ከአየር በተሻለ ያስተላልፋል፣ የገጹን ትናንሽ ጎድጓዶች ይሞላል፣ የቺሌውንም ቀለምና መዓዛ ያሟሟል። በብዙ ዘይት የተጠበሰ ምግብ ዘይት የሚጠጣው በአመዛኙ ከወጣ በኋላ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርድና በገጹ ላይ የቀረው ዘይት ወደ ውስጥ ይሳባል። ኤር ፍራየር ዘይት ይቀንሳል ሲባል እውነትነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚሳብ ዘይት በገጹ ላይ የለም። በሥጋውና በቺዙ ውስጥ ያለውን ስብ ግን የትም አያደርሰውም፤ ቺዙን እየጨመሩ ስለ ጤና ማውራት አይሆንም።

ገጹ ከደረቀ በኋላ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ መውጣት ይጀምራል። ወደ 140 ሲጠጋ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው የአሚኖ አሲድና የስኳር ውህደት ይፋጠናል፤ ቡናማው ቀለምና የጥብስ መዓዛ ከዚህ ይመነጫሉ። ከዚሁ መንገድ ግን አክሪላማይድ የተባለው ቅንጣትም ይወለዳል። በስታርች የበለጸጉ ምግቦች በከፍተኛ ሙቀት ሲበስሉ እንደሚፈጠር የስዊድን ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ወርቃማ ሲሆን ማውጣት፣ እስኪጠቁር አለመጠበቅ፣ ሊደረግ የሚችለው ይህ ነው።

የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ2,350 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በሁለቱም ከተሞች ውኃ የሚፈላው በ92 እና በ93 ዲግሪ መካከል ነው፤ የአየሩም እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው የአየር ክብደት ያነሰ ነው፤ የሙቀት ማስተላለፍ ምጣኔውም ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። በአንጻሩ በሳሳ አየር ውስጥ ትነት ይቀልላል፤ ይህ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው የማብሰያ ሠንጠረዥ ከፍታን ካላገናዘበ፣ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ጨምሮ መሞከር ምክንያታዊ ነው።

በመጨረሻ ከምግቡ ይልቅ ለቤቱ የሚያሰጋውን ነገር እናንሣ። ብዙ ኤር ፍራየሮች ወደ አገር ቤት የሚገቡት በዘመድ ሻንጣ ሲሆን፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የማሞቂያ ሽቦ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን፣ በ120 ቮልት 1,500 ዋት የሚወስድ መሣሪያ በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ 3.4 እጥፍ፣ ማለትም ከ5,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ጅረቱም ከ12.5 አምፔር ሊበልጥ የማይገባው ወደ 23 አምፔር ይደርሳል። ሽቦው ወይም የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው በቅጽበት ይቃጠላል፤ ፊውዙ ካልቀደመ እሳትም ሊነሣ ይችላል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚለውጥ አዳፕተር ቮልቴጁን አይለውጥም። ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እርሱም ቢያንስ 2,000 ዋት የሚችል መሆን አለበት እንጂ ለሬዲዮና ለስልክ የሚሸጠው ዓይነት አይደለም። ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ለ220 እስከ 240 ቮልት የተሠራ ነው፤ ቢሆንም ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት አይገባም። እንዲሁም ከ3,000 ዋት በላይ ከሚወስደው የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ አይሰካ፤ ድምሩ ከ20 አምፔር ያልፋል፣ በገመዱ ውስጥ የሚፈጠረውም ሙቀት በጅረቱ ካሬ ያድጋል።