መርማሪውና ሻጩ አንድ ሰው ሲሆኑ፦ ስለ መኪና ጥገና ገበያ



የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ያነሰ ሊመስል ይችላል። አንድ ሰው ዘይት ለማስቀየር ወደ ጋራዥ ይገባል፤ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያና አራት ጎማ ካልቀየረ አደጋ ላይ መሆኑ ይነገረዋል፤ ከፍሎም ይወጣል። የተነገረው እውነት ነበርን? ይህች ትንሽ ጥያቄ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመረመሩትን ችግር ትይዛለች።

የአንዳንድ ሸቀጥ ጥራት ሳንገዛው በዓይን ይታያል፤ የሌላው ደግሞ ስንጠቀምበት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ ሦስተኛ ዓይነት ለይተው አሳዩ፤ ከተገዛ በኋላ እንኳ አስፈላጊነቱ ለገዢው የማይገለጥ፣ በሻጩ ቃል ታምኖ ብቻ የሚገዛ አገልግሎት ነው። የመኪና ጥገና ዓይነተኛ ምሳሌው ነው። መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ በሰላም ቢሄድ፣ በአዲሱ ዕቃ ምክንያት ሄደ ወይስ በአሮጌውም ይሄድ ነበር? ባለቤቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የችግሩ ሥር የመካኒኮች ጠባይ አይደለም፤ ጉድለቱን የሚመረምረውና መፍትሔውን የሚሸጠው አንድ አካል መሆኑ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ማንነታቸውን ደብቀው መኪኖችን ወደ ሲርስ ኩባንያ የጥገና ማዕከላት ወሰዱ። ከዚያም በ1992 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ያላስፈለገ ሥራ በመሸጥ ከሰሱት። ኩባንያው ሆን ብሎ አለማጭበርበሩን ቢገልጽም፣ ደንበኛ ተቀባይ ሠራተኞቹ በሽያጭ መጠን ኮሚሽን የሚያገኙበትን አሠራር አስቀረ። ሠራተኛው ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ የሚያገኝ ከሆነ፣ አጠራጣሪው ዕቃ ሁሉ «መቀየር አለበት» ወደሚል ፍርድ ያዘነብላል።

ጉዳቱ በገንዘብ አያበቃም። አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ቀጣዩን ማስጠንቀቂያ ያጣጥላል፤ ያ ማስጠንቀቂያ ግን በእርግጥ ስላለቀ ፍሬን ሊሆን ይችላል። ሐቀኛው መካኒክም ይጎዳል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ጥሩው ከገበያው ይገፋል። ስለዚህ ሁሉንም መጠራጠር መፍትሔ አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ቃልን ወደ ልኬት መለወጥ ነው።

ከጎማ እንጀምር። በአውሮፓና በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የጎማ ጥርስ ጥልቀት ሕጋዊ ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ይህንኑ ልክ ያመለክታሉ፤ ጥርሱ ከእነርሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ የሚገኘው ባለአራት አኃዝ ቁጥር ደግሞ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። «ጎማህ አርጅቷል» የሚባል ሰው ራሱ ሊያነብበው ይችላል፤ «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥለትንም እንዲሁ።

ስለ ፍሬን ሸራም «ደህና ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ስንት ሚሊ ሜትር ቀረው?» ማለት ይሻላል። የአብዛኞቹ አነስተኛ መኪኖች አዲስ ሸራ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 3 ሲወርድ መቀየሪያው ደርሷል። ዘይትና ፊልትሮ መቼ እንደሚቀየሩ የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ይወስናል። ለጎማ የሚሸጠው ናይትሮጅንም ቢሆን፣ ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን መሆኑን ማወቅ ለውሳኔ ይረዳል።

ሁለተኛው መንገድ ምርመራን ከሽያጭ መለየት ነው። ከፍተኛ ወጪ ሲጠየቅ፣ ለሌላ ባለሙያ የምርመራ ብቻ ዋጋ ከፍሎ፣ ጥገናው እርሱ ዘንድ እንደማይሠራ አስቀድሞ ነግሮ፣ የመጀመሪያውን ግምት ሳይገልጹ ማስመርመር ይቻላል። ጥርጣሬው በፍሬን ወይም በመሪ ላይ ከሆነ ግን መኪናው አይነዳም፤ ባለሙያው ወደ መኪናው ይምጣ። በአዲስ አበባ መለዋወጫውን ከሶማሌ ተራ ራሱ ገዝቶ የሚያመጣ ባለመኪና ይህንኑ መለያየት በከፊል ይፈጽማል። አብሮት የሄደው መካኒክ ከሱቁ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ግን የተፈታው ቋጠሮ ተመልሶ ይታሰራል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት እንዲሰጥ፣ ለተጨማሪ ሥራም የደንበኛው ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም አስቀድሞ ለጠየቀ ደንበኛ በአብዛኛው ይመለሳል። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ መብት ጋራዥ ውስጥ ሥጋ የሚለብሰው፣ ደንበኛው ግምቱን በጽሑፍ፣ አሮጌውን ዕቃም በእጁ መቀበልን ሲለምድ ነው። ሐቀኛ መካኒክ ይህን ጥያቄ የሚፈራበት ምክንያት የለውም፤ ሥራው ከሌላው ተለይቶ የሚታይለት በዚሁ ነውና።