ደም ሳይታይ ሲፈስ

ከሳሪስ ወርዶ፣ ቃሊቲን አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ የጅቡቲን ከባድ መኪና፣ የፋብሪካውን ብረትና የጅምር ፎቁን የእንጨት መወጣጫ አብሮ ያውቃል። በዚያ ሰፈር ሰው ሲገጭ ወይም ሲወድቅ ከበው የቆሙት ሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ደም ነው። ካላዩ «እግዜር አተረፈህ» ብለው፣ ልብሱን አራግፈው፣ ውሃ አጠጥተው ወደ ቤቱ ይሸኙታል። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ቢሆንም ስለዚህ አሸኛኘት ዝም ማለት የሚገባን አይመስለኝም።

በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከ1 ሊትር የሚበልጠው፣ ቆዳ ሳይቀደድ፣ በሆድ፣ በደረት ወይም በዳሌ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። በተለይ በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር ያለው ጣፊያ በምት ቶሎ ይጎዳል፤ ወባ አሳብጦት እንደ ሆነ ደግሞ ይብሳል። (ከቆላ ለቀን ሥራ የመጣውን ወንድማችንን ልብ ይሏል።) አንዳንድ ጊዜም ደሙን በሽፋኑ አፍኖ ይቆይና ከቀናት በኋላ ይፈነዳል። ስለዚህ «ትናንት ደኅና ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

አታላዩ የሰውነት ብልሃት ነው። ደም ሲጎድል ልብ ምቱን ያፈጥናል፤ የእጅና የእግር ሥሮች ይጠባሉ፤ በተለይ በወጣት ሰው የደም ግፊቱ የሚወድቀው ብዙ ደም ከጎደለ በኋላ ነው። እንግዲህ ቀድሞ የሚታየው ሌላ ነው፦ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ100 በላይ የሚመታ ልብ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ጥም፣ መቁነጥነጥ፣ የደደረ ሆድ፣ ትከሻው ሳይመታ የሚያመው የግራ ትከሻ። በእኛ ቆዳ ላይ መገርጣት ቶሎ ስለማይለይ፣ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጦ ውስጡን፣ እንዲሁም ከንፈርንና መዳፍን ማየት ይሻላል።

ከነዚህ አንዱ ከታየ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907፣ መደወል ነው። እስኪደርስ አስተኝቶ ጋቢ ማልበስ። ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ስለሚችል ቢለምንም ውሃ አይሰጠውም፤ አረቄማ አይነሣ። አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ክልክል ነው። ወጌሻ ለወለምታ ያለውን ክብር አልነካም፤ የተመታ ሆድ ግን አይታሽም። ለአቃቂ ቅርቡ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ሁለት ወርቅ ባመጣችው በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተጠራው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። አብሮ የሚሄደው ሰው አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ የወደቀበትን ከፍታና የሚወስደውን መድኃኒት ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።