የመናገሻ ሱባ ደን፦ ከግዙፎቹ ጽዶች ሥር

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሰበታና በሆለታ መካከል፣ ወጨጫ የሚባል ተራራ አለ። ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር፤ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። የመናገሻ ሱባ ደን የበቀለው በዚህ ተራራ ጎን ላይ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። በአፄ ምኒልክ ዘመንም ጥበቃ ተደርጎለታል። ለከተማ ይህን ያህል የቀረበ ጥንታዊ ደን መትረፉ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ደኑ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጽዱ ላይ ነው። ከሌላው ሁሉ በላይ ወጥቶ ይታያል፤ 40 ሜትር ገደማ የሚደርስም አለ። ዝግባም አብሮት ይቆማል። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ወይራው፣ ከወይራው ሥር ደግሞ ቀጨሞ፣ ቀጋና አጋም ይገኛሉ። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ግን ነዋሪው ይለወጣል። ብርዱ ሲበረታ ኮሶ ይመጣል፤ ከዚያም አምጃና አስታ ቦታውን ይይዛሉ። በአንድ ተራራ ላይ ጥቂት ሰዓት የተጓዘ ሰው ብዙ ዓይነት ደን አይቶ ይመለሳል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘለው፣ የምኒልክ ድኩላ የሚሸሸገው በዚሁ ውስጥ ነው።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይህን ሁሉ ከተራራው እግር እስከ ራሱ በመስመር እየተጓዙ ይመዘግባሉ። በየተወሰነው ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይከልላሉ። በክልሉ ውስጥ ያለውን ዛፍ ሁሉ ይቆጥራሉ፤ የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብለው፣ ደረት ትክክል ላይ ይለካሉ። ስሙን እዚያው ለማወቅ ያስቸገራቸውን ተክል ቅርንጫፉን ቆርጠው፣ ተጭኖ እንዲደርቅ አድርገው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይወስዳሉ። እዚያ ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር ይመሳከራል።

ከቆጠራው የሚገኘው የዝርያ ብዛት ግን ብቻውን ብዙም አይነግረንም። አሥር ዝርያ ያላቸው ሁለት ደኖች ቢኖሩ፣ በአንዱ ከመቶው ዛፍ ዘጠናው ጽድ ቢሆን፣ በሌላው ግን አሥሩም ተቀራራቢ ቁጥር ቢኖራቸው፣ ሁለተኛው በብዝኃ ሕይወት የበለጠ ሀብታም ነው። አንድ በሽታ ወይም ተባይ ጽድን ቢመታ የመጀመሪያው ደን ይራቆታል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ የግንዶቹ ውፍረት ስርጭት ነው። ባለሙያዎች ዛፎቹን ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ በየምድቡ ደርድረው ይቆጥራሉ። ጤነኛ በሆነ የተፈጥሮ ደን ቀጫጭኖቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ውፍረቱ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንሳል። ብዙው ችግኝ በጥላ፣ በድርቅና በከብት ስለሚሞት ለአንድ ሽማግሌ ዛፍ ብዙ ሕፃናት ያስፈልጋሉ። ወፍራሞቹ በዝተው ቀጫጭኖቹ ከጠፉ፣ ያ ዝርያ አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ሆኗል ማለት ነው። ላዩ ሲታይ ያማረ ደን ከሥሩ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

ጽድ እዚህ ላይ ችግር አለበት። ብርሃን ወዳድ ነው፤ በግዙፎቹ ወላጆቹ ጥላ ሥር ችግኙ አይጠነክርም። ጥላ የሚችለው ዝግባ ይሻለዋል። የኮሶ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆኑ ዘር እንዲገኝ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በተለያዩ የኢትዮጵያ ደኖች የተካሄዱ ቆጠራዎች ያረጁ ኮሶዎችን መዝግበው ለጋዎቹን በጥቂቱ ብቻ ወይም ጨርሶ አላገኙም።

ስለዚህ ደን መጠበቅ ማለት ትልቁን ዛፍ ከመጥረቢያ ማዳን ብቻ አይደለም። ከብት ወደ ደኑ እንዳይገባ መከልከል፣ በወደቀ ዛፍ ቦታ ብርሃን ሲገባ የበቀለውን ችግኝ መንከባከብ፣ ራሱን መተካት ያቃተውን ዝርያ ከዚያው ደን በተለቀመ ዘር ማፍላት የጥበቃው አካል መሆን አለባቸው። ወደ ሱባ የምትሄዱ ጎብኚዎችም መንገዱን ሳትለቁ ተጓዙ፤ ከጫማችሁ ሥር የሚረገጠው ቡቃያ ጽድ ወይም ኮሶ ሊሆን ይችላል።