በቡና ወቅት ችላ የሚባል ድካም፦ በሥራ ጫና ውስጥ ባሉ ሴቶች ላይ የሚታዩ ስውር የልብ ሕመም ምልክቶች

በጌዴኦ ዞን በይርጋጨፌና አካባቢው ከጥቅምት ወር ጀምሮ ቡና ሲደርስ የሴቶች የሥራ ቀን ይረዝማል። ቀዩን እሸት መልቀም፣ በዕለቱ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ማድረስ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጡና ሲመርጡ ቆሞ መዋል በአብዛኛው በሴቶች ጉልበት የሚከናወን ነው። ወደ ቤት ሲመለሱም ውኃ መቅዳት፣ ቆጮ ማዘጋጀትና ልጆችን መንከባከብ ይጠብቃቸዋል። በዚህ መካከል የሚሰማ ድካምና የትንፋሽ ማጠር «የሥራ ነው፤ ወቅቱ ሲያልፍ ይተወኛል» ተብሎ ይታለፋል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም አንዳንድ ጊዜ ግን መንስኤው ልብ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ ለምን ይሰወራሉ?

የልብ ሕመም ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ደረቱን ይዞ በድንገት የሚወድቅ ሰው ነው። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር ሲጠብ ወይም ሲዘጋ የደረት ሕመም በሴቶችም ላይ ዋነኛው ምልክት ነው። ሆኖም ሴቶች ከደረት ሕመሙ ጋር ወይም ያለ እርሱ የሚከተሉት ስሜቶች በብዛት ይታዩባቸዋል፦

• በእንቅልፍና በዕረፍት የማይለቅ፣ ያልተለመደ ድካም፤
• ቀድሞ በቀላሉ ይወጣ በነበረ ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ወይም በጀርባ ሲተኙ መታፈን፤
• በመንጋጋ፣ በአንገት፣ በትከሻ፣ በክንድ ወይም በጀርባ ላይ የሚሰማ ሕመም፤
• ማቅለሽለሽና ጨጓራ የሚመስል ማቃጠል፤
• ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስ ማዞር ወይም የልብ ምት መዛባት፤
• የእግር እብጠት።

እነዚህ ምልክቶች «ጨጓራ ነው»፣ «ምች ነው» ወይም «ብርድ ነው» ተብለው በቤት ውስጥ ስለሚታከሙ ውድ ጊዜ ይባክናል። ለመለየት የሚረዳው አንዱ መንገድ ሕመሙ መቼ እንደሚመጣ ማስተዋል ነው። የጡንቻ ሕመም ቦታውን ሲጫኑት ወይም ሲያንቀሳቅሱት ይብሳል። ከልብ የሚመነጭ ሕመም በአንጻሩ ሸክም ሲሸከሙ ወይም ዳገት ሲወጡ ተነሥቶ ሲያርፉ የመቅለል ጠባይ አለው። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የጤና ባለሙያ ነው።

የሥራ ጫናና ልብ

ሰው በጫና ውስጥ ሲሆን ሰውነቱ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ሁኔታው ለወራት ሲዘልቅ ደም ሥሮችን ይጎዳል፤ እንቅልፍ ማጣትም ጉዳቱን ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ደም ሥር መጥበብ የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ፣ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ35 በመቶ ከፍ ይላል። የማገዶ ጭስም ለልብ ሕመም ያጋልጣል።

ሕመሙ የአረጋውያን ብቻ አይደለም። በልጅነት በተደጋገመ የጉሮሮ ቁስለት ሳቢያ የሚመጣው የልብ በር ሕመም በአገራችን ወጣት ሴቶችን ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜም በእርግዝና ወቅት ይገለጣል። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ የልብ ጡንቻ ሊዳከም ስለሚችል፣ አራስ ስትተኛ ከታፈነች ወይም እግሯ ካበጠ ሳትዘገይ መመርመር አለባት። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የነበረች ሴትም ክትትሏን ማቋረጥ የለባትም።

ምን ይደረግ?

የደም ግፊት ልኬት ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ምርመራ ነው። በተደጋጋሚ ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማማከር ወይም በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ የመጀመሪያው ርምጃ ነው፤ እንደ ሁኔታውም ዲላ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍ ይችላል። ወደ ሕክምና የምትሄድ ሴት ምልክቱ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያባብሰው፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ሳትደብቅ ብትናገር ባለሙያው ልብን አስቦ እንዲመረምር ይረዳዋል።

የደረት መጨነቅ፣ ብርቱ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም ራስን መሳት በድንገት ከተከሰተ ነገሩ እስከ ማግሥት የሚቆይ አይደለም። ታማሚዋ ሥራዋን አቁማ ትቀመጥ፤ በእግሯ እንድትሄድ አትደረግ፤ ቤተሰብና የሥራ ባልደረቦች አምቡላንስ ወይም ሌላ ተሽከርካሪ ፈልገው ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ያድርሷት።

አሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ለወላድ ሠራተኛም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በቡና ጣቢያዎች የዕረፍት ሰዓትን ማክበር፣ ለመራጮች መቀመጫ ማዘጋጀት፣ አሞኛል ያለችን ሠራተኛ የቀን ገቢዋን እንዳታጣ በመስጋት ሕመሟን እንድትደብቅ አለማስገደድ ሕይወት ያድናል። በቤት ውስጥም ባልና ልጆች ሥራውን ቢካፈሉ የእናት ዕረፍት ይረዝማል።

የቡናው ወቅት በየዓመቱ ይመለሳል፤ በጊዜ ያልታከመ የልብ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ የማይለቅ ድካም የሚሰማት ሴት ለቀማው እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ እንድትመረመር ይመከራል።