ከእኛ አንዷ ነዎት?

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም
ቆይታ፦ 8 ደቂቃ
ለተራኪዋ፦ ረጋ ብለሽ። ቁጥሮቹ ላይ አትቸኩዪ።

(ድምፅ፦ ቁልፍ ሲዞር። የብረት በር ሲዘጋ። ዝምታ፣ 4 ሰከንድ።)

ተራኪ፦
አንድ አልጋ። አንድ ወንበር። የብረት ፍርግርግ ያለው ትንሽ መስኮት።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ዕቃ የለም። እንዳይኖር የተደረገውም ሆን ተብሎ ነው፤ የተዘጋባት ልጅ እጇ የገባውን ሁሉ በራሷ ላይ ታነሣዋለች። ይህን የምታደምጡ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመላለስባችሁ ካላችሁ፣ ብቻችሁን አትስሙት። አንድ የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ቦታው ሀርትፎርድ፣ ኮኔቲከት፣ አሜሪካ። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1961 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ሆስፒታሉ ኢንስቲትዩት ኦፍ ሊቪንግ ይባላል፤ «የመኖር ተቋም» እንደ ማለት። ግቢውን የነደፈው ከኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ነዳፊዎች አንዱ፣ ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነው። በፎቶግራፍ ለሚያየው መናፈሻ ይመስላል። ከዚያ ክፍል የተቀዳ ድምፅ ግን የለንም። መግቢያው ላይ ዝምታ ያሰማናችሁ ለዚህ ነው።

ማርሻ ሊነሃን ስትገባ 17 ዓመቷ ነበር። የቱልሳ፣ ኦክላሆማ ልጅ። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬንያ ነው አሉ። ቶራዚን የተባለ መድኃኒት ሰጧት፤ ሊብሪየም የተባለም ሰጧት፤ በኤሌክትሪክ ንዝረት አከሟት፣ በመጀመሪያው ዙር 14 ጊዜ፣ በሁለተኛው 16 ጊዜ። ከ26 ወራት በኋላ ስትወጣ የተጻፈው ማስታወሻ፣ ከሆስፒታሉ ታካሚዎች ሁሉ እጅግ ከታወኩት አንዷ እንደነበረች ይናገራል።

እዚያ ሳለች ለፈጣሪዋ ቃል ገባች። ካቶሊክ ናት። ከዚህ ሲኦል ካወጣኸኝ ተመልሼ ሌሎችን አወጣለሁ፣ አለች። የእኛ እናቶች ይህን ስለት ይሉታል። ጧፍና ጃንጥላ የሚያስገቡበት ስለት አለ፤ የዚህችኛዋ ግን ዕድሜ ልክ የሚያስከፍል ነበር።

(ሙዚቃ፦ ክራር ብቻ፣ 6 ሰከንድ።)

ተራኪ፦
ሕመሟ በእርግጥ ምን ነበር? እሷ ራሷ በኋላ ስታስበው ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር ነው ትላለች። «ቦርደርላይን» ድንበር ላይ ያለ ማለት ነው፤ አዶልፍ ስተርን የተባለ የሥነ ልቦና ተንታኝ በ1938 እነዚህን ታካሚዎች በሁለት የሕመም ዓይነቶች ወሰን ላይ የቆሙ አድርጎ ጻፈ፤ ስሙም ቀረ። አሜሪካኖቹ በምርመራ መጽሐፋቸው ያሰፈሩት ግን በ1980 ነው። ልጅቷ በተዘጋባት ጊዜ መዝገብ ላይ አልነበረም።

በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ስም ይወጣለታል። ሆደ ባሻ። አኩራፊ። አመለኛ። ሲብስ፣ ዓይነ ጥላ አለባት። ሆደ ባሻ የሚለው እንኳ ጥቂት ይቀርባል። ስልኳ ሳይነሣላት ሲቀር ተተውኩ ብላ የምትርድ፣ ጠዋት እንደ መልአክ ያየችውን ሰው ማታ የምትጠላ፣ ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ውስጧ ባዶ ቤት የሚሆንባት ሰው፣ ቆዳዋ በእሳት እንደተላጠባት ናት። ነፋስም ያማታል።

(ድምፅ፦ ዝናብ በመስኮት ላይ። ሲያትል።)

ተራኪ፦
በ1967 ቺካጎ ውስጥ፣ በአንድ ጸሎት ቤት ተንበርክካ ሳለች፣ ራሷን መውደድ ቻለች። ዶክትሬቷን በ1971 ያዘች። በ1977 ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ እንላቸዋለን።

ወደ እሳቸው የሚመጡት ሞትን ደጋግመው የሞከሩ ሴቶች ነበሩ። «ጠባይሽን ለውጪ» ሲሏቸው ተሰደብን ብለው ተነሡ። እህ ብለው ዝም ብለው ሲሰሟቸው ደግሞ፣ «ታዲያ ምን ረዱን?» ተባሉ። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አሰሩት፦ የሆንሽውን መሆንሽ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን መለወጥ አለብሽ። ዳያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለው ይህ ነው። በ1991 የታተመው ጥናታቸው፣ አንድ ዓመት በዚህ የታከሙት ሴቶች ራሳቸውን የሚጎዱበትም ሆስፒታል የሚተኙበትም ጊዜ መቀነሱን አሳየ።

ካስተማሩት አንዱ ይኸው፦ ማዕበሉ ሲመጣ ትንፋሽ ይዞ ፊትን በረዶ በመሰለ ውሃ መንከር። የልብ ምት ይቀንሳል፤ ሰውነት ራሱ ያረግባል። (የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረው።) ለቅሶ ቤት «ፊትሽን ታጠቢ» የሚሉ ሴቶች ምክንያቱን ሳይማሩት ያውቁት ኖሯል?

ሌላው ሕግ ከበድ ያለ ነው። ታካሚዋ ራሷን ከመጉዳቷ በፊት ለሐኪሟ መደወል ትችላለች፤ ትበረታታለችም። ከጎዳች በኋላ ግን፣ ሕይወቷ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ 24 ሰዓት አትደውልም። እንክብካቤው የጉዳቱ ሽልማት እንዳይሆን ነው። ይህን ሳነብ ሆዴ እሺ አላለኝም። አሁንም አላለኝም።

(ዝምታ፣ 2 ሰከንድ።)

ተራኪ፦
አንድ ቀን አንዲት ታካሚ የፕሮፌሰሯን ክንድ አየች። ጠባሳ አለው። ከእኛ አንዷ ነዎት? ስትል ጠየቀች። ተሠቃይቼ እንደሆን ማለትሽ ነው? አሏት። አይደለም፣ አለች፤ ልክ እንደ እኛ፤ ከሆኑ ለሁላችንም ተስፋ ነው።

መልሱ በአደባባይ የተሰጠው በ2011 ነው። እዚያው ሀርትፎርድ፣ እዚያው ሆስፒታል። 68 ዓመታቸው ነበር። ወዳጆች፣ ዘመዶችና ሐኪሞች በተሰበሰቡበት የራሳቸውን ታሪክ ተናገሩ፤ ፈሪ ሆኜ መሞት አልችልም ብለው። ክፍሉንም አዩት። ትንሽ ቢሮ ሆኗል። እጃቸውን ዘርግተው የተናገሩት ስለ ሥቃያቸው አልነበረም፦ መስኮቶቹን ቀይረዋቸዋል፤ ብርሃኑ እንዴት በዝቷል፣ አሉ።

ፕሮግራሙን እዚህ ልንዘጋው አስበን ነበር። ቁጥሮቹ አላስዘጉንም።

በማክሊን ሆስፒታል፣ ቦስተን አጠገብ፣ 290 ታካሚዎችን ከ1992 ጀምረው የተከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። በ10 ዓመት ውስጥ ከ100ው 93ቱ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ሕመሙ ለቀቃቸው። አይለቅም ሲባል ለኖረ ሕመም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕመሙ ከመልቀቁም በላይ ሥራ ይዘው፣ የቅርብ ሰው ኖሯቸው የተገኙት 50ዎቹ ብቻ ናቸው። ማዕበሉ ጸጥ ብሎ፣ ቤቱ ባዶ የቀረባቸው ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ረቂቅ የሰረዝነውን ገጽ መለስነው። ድራማ የለውም ብለን ነበር የሰረዝነው። ከሆስፒታሉ በር እስከ ጸሎት ቤቱ ባሉት ዓመታት ማርሻ አልዳነችም፤ እንደገናም ወድቃለች። ቺካጎ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ማታ ማታ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ጠዋት ሥራ፣ ማታ ክፍል፣ በነጋታው እንደዚያው።

(ድምፅ፦ የጽሕፈት መኪና፣ 10 ሰከንድ። ሙዚቃ አይግባ።)