የዋልያ አገር ወጣቶችና የ«ዋልያስ» ሙዚቃ

«ለብቻ የበላ ለብቻ ይሞታል» ይላል ያገራችን ሰው። ቃሉ የተነገረው ስለ እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሙዚቃም ቢነገር ከእውነት የሚርቅ አይመስለንም። ጥሩ ዜማ ሰምቶ በሆዱ ይዞት የሚያድር ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው «ና እስቲ፤ ይኸን ስማልኝ» ሳይል አይውልም። ሁለተኛው ሰው ሰምቶ «ይኼ ደግሞ ምኑ ሙዚቃ ነው?» ያለ እንደ ሆነ ክርክሩ ያን ጊዜ ይጀመራል።

እኛንም እንዲህ ያለ ክርክር ያጋጠመን በደባርቅ ነው። ከጎንደር የተነሣው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያም በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቍልቍል ወደ ቈላው ይወርዳል። ከተማዪቱ የሰሜን ተራራዎች በር ስለሆነች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ማታ ማታ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ሻይ ቤት ይሰበሰባል። በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሰዎች ነበርን፤ አንዱ እንግዶችን ወደ ተራራው የሚመራ ወጣት፣ ሁለተኛው ከዳባት የመጣ መምህር፣ ሦስተኛው በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረ ሹም፣ አራተኛው የዚህ ዓምድ ጸሐፊ።

መንገድ መሪው ስልኩን ከቆሎው ሳሕን አጠገብ አኖረና አንድ የውጭ አገር እንግዳ የተወለትን ሙዚቃ አሰማን። «ፒንክ ፍሎይድ» የተባለው የእንግሊዞች ጓድ በ1971 ያወጣው «ኤኮስ» የተሰኘ ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ወጣቱ ሹም ሻዩን ፉት እያለ፣ «ለመሆኑ ዘፋኙ የት ሄዷል?» ሲል ጠየቀ። ሥራው በጠቅላላው 23 ደቂቃ ገደማ እንደሚወስድ ሲነገረው «በዚህ ጊዜ ውስጥ እኮ ከዚህ ተነሥቼ ቤቴ ገብቼ እራቴን እጨርሳለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ «ፕሮግሬሲቭ ሮክ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «ተራማጅ ሮክ» ብንለው ያስኬዳል። በእንግሊዝ አገር በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የተነሣ ነው። ወጣቶቹ ሙዚቀኞች «ዘፈን ሁሉ ስለምን በሦስት ደቂቃ ያልቃል? ስለምንስ ለዳንስ ብቻ ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የጥንቱን የኤውሮፓ ኦርኬስትራ አሠራር፣ ጃዙንና የኤሌክትሪክ ጊታሩን አንድ ላይ አዋሐዱ። ኦርጋንና «ሙግ» የሚባለውን የኤሌክትሪክ ድምፅ መሣሪያ ጨመሩበት። «ኪንግ ክሪምሰን» በ1969፣ «የስ» እና «ጄነሲስ» በ1972 ባወጧቸው ሸክላዎች የታወቁ ሆኑ፤ ከእነዚህም መካከል አንዱ ሥራ ብቻውን የሸክላውን አንድ ገጽ የሚሞላበት አለ። ወዳጆቻቸውም ሸክላውን እየተዋዋሱ፣ በካሴት እየገለበጡ፣ «ይህ ከዚያ ይበልጣል» እየተባባሉ ሌሊቱን በክርክር የሚያሳልፉ ሆኑ።

ወጣቱ ሹም ግን በዚህ አልተረታም። «ባገራችን ዘፈን ማለት ቃል ነው» አለ። በውነቱ የተናገረው ከንቱ ነገር አይደለም። በጎንደርና በወገራ አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ አድማጩ ጆሮውን የሚጥለው ለግጥሙ ነው። አንዳንዱም ራሱ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚፈልግ ጆሮ ቃል በሌለበት ቦታ ምን ይፈልግ? የሹሙ ጥያቄ ይህ ነበር።

ከዳባት የመጣው መምህር መለሰለት፤ «ታዲያ እረኛው ገደል አፋፍ ተቀምጦ ዋሽንት ሲነፋ ምን ቃል ይናገራል? እምቢልታውስ ምን ግጥም አለው? ቃል የሌለው ሙዚቃ ከእንግሊዝ የመጣብን አይደለም፤ እኛው ዘንጋነው እንጂ።» ይህን ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና የራሱን አሰማ። ያሰማን የ«ዋልያስ ባንድ»ን «ሙዚቃዊ ስልት» ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ገባ። የባንዱ ስም የተወሰደው ከዋልያ ነው፤ ዋልያም በዓለም ላይ በዱር የሚኖረው እኛ ከተቀመጥንበት ሻይ ቤት በላይ ባሉት የሰሜን ገደላገደሎች ብቻ ነው። መንግሥት ፓርኩን በ1969 አቋቋመ፤ ዩኔስኮም በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ዋልያን ለማየት ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ። የዋልያን ስም የያዘውን ሙዚቃ ግን ከእኛ ከአራታችን አንዱ ብቻ ያውቀው ኖሯል። እኛም ጥቂት ዐፈርን።

«ዋልያስ» በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረ ጓድ ነው። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ባንዶች የሚጫወቱት የምሽት ቤቱ ባለቤት በገዛው መሣሪያ ነበር። የዋልያስ ልጆች ግን መሣሪያቸው የራሳቸው ስለነበር ራሳቸውን ችለው ቆሙ። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋኑ፣ ግርማ በየነ በፒያኖውና በድርሰቱ የታወቁ ነበሩ። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ፤ በዚህም ሥራ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተባብሯቸዋል። ሸክላው ከዳር እስከ ዳር በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ዘመኑ የዘፈን ግጥም በሳንሱር የሚታይበት፣ ማታም ሰዓት እላፊ የሚታወጅበት ዘመን እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ያለ ቃል መናገር መቻላቸው ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየናል።

በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወዳገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉና ግርማ ግን እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 በዋሽንግተን አኮርድዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና «ሙግ»ን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። በካሴቱ ውስጥ «ሸሞንሟናዬ»፣ «አምባሰል»፣ «ሽለላ» ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በታክሲ ነጂነት ይመራ ጀመር። መሣሪያውን በመኪናው ዕቃ መጫኛ አኑሮ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ካሴቱስ? ካሴቱ ወዳገር ቤት መጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የአፍሪቃን ካሴቶች የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ከደባርቅ እስከ ባሕር ዳር 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሰውየው ሰማው፤ ወደደው፤ ሠሪውንም አፈላልጎ ዋሽንግተን ውስጥ አገኘው። በ2013 በባለቤቱ ፈቃድ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ።

ይህ ብቻውን የደረሰ ተአምር አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም በ1980ዎቹ አጋማሽ በወዳጁ እጅ አንድ የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ ደረሰው፤ ሰምቶ ዝም አላለም፤ ለወዳጆቹ አሰማ። የማሕሙድ «እሬ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ ታተመ። ኋላም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ወጥቶ ሠላሳ ያህል ደረሰ። ይህም ሊሆን የቻለው አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላን ሥራ ደፍሮ ጀምሮ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችን አሳትሞ ስለተወልን ነው። አንዱ አሳተመ፤ አንዱ አስቀመጠ፤ አንዱ ለወዳጁ ሰጠ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ዜማው ዛሬ አይገኝም ነበር።

በዚህ መካከል ከአጠገባችን ባለው መቀመጫ ማሲንቆአቸውን ግድግዳ አስደግፈው አረቄያቸውን ይቀምሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ነበሩ። መምህሩ የኃይሉን «ሽለላ» ሲያሰማን ጆሮአቸውን ቀና አደረጉ። «ይኼ ነገር በምን የሚጫወት ነው?» አሉ። «በኤሌክትሪክ ነው፤ አባባ» አለ ሹሙ። እሳቸውም ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ኤሌክትሪኩን ተወው። ሰውየው ሽለላ ያውቃል» ብለው ማሲንቆአቸውን አነሡና ተከተሉት። ቃል አላወጡም። ወጣቱ ሹም ከዚያ በኋላ «ዘፋኙ የት ሄዷል?» ብሎ አልጠየቀም።

ነገር ግን ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ይኸውም ከመጀመሪያው የከበደ ነው። መንገድ መሪው «እንግዲህ ሁሉንም ላኩልኝ» ሲል መምህሩ አመነታ። «እኛ በነፃ ስንቀባበል ሙዚቀኛው ታክሲ ይነዳ ነበር» አለ። እውነት ነው፤ ካሴት ገልባጩ ሲከብር የካሴቱ ባለቤት ሲደኸይ ዓመታት አልፈዋል። ባገራችንም የቅጅ መብትን የሚጠብቅ 410 ቍጥር ዐዋጅ በ2004 ወጥቷል። በሌላ በኩል ግን ያ የባሕር ዳር ካሴት ማንም ሳይገለብጠው፣ ማንም ሳያዋውሰው ቢቀር ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? መካፈል ሙዚቃውን አዳነው፤ ያለ ክፍያ መካፈል ሙዚቀኛውን ጎዳው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱን ይዘን ሌላውን ልንጥል አልቻልንም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። ልጆች ሳለን በዳባት አጠገብ ገብስ ሲያሸት ወፍ እንጠብቅ ነበር። አባታችን በሣጥን ያኖሯቸው አሮጌ ካሴቶች ነበሩ፤ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። እኛም ካሴቶቹን እየሰበርን ክራቸውን መዘን በማሳው ላይ ከእንጨት እንጨት ወጠርነው። ነፋስ ሲመታው ይጮኻል፤ ወፎቹም ይሸሻሉ። አባታችን ማሳው ዳር ቆመው ጥቂት አዳመጡና «በሉ፤ ዛሬም ይዘፍናል» ብለው ሄዱ። አልተቈጡንም። በእነዚያ ካሴቶች ላይ የማን ድምፅ እንደ ነበር አልጠየቅናቸውም፤ ዛሬ ብንጠይቅ የሚመልስልን የለም። ምናልባት ተርታ ነገር ይሆናል፤ ምናልባትም ሌላ «ዋልያስ» ኖሯል።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቻችን፤ በተለይም በትምህርትና በሥራ ምክንያት ከአገር አገር የምትዘዋወሩ፣ ሦስት ነገር እንድታስቡ እንለምናችኋለን። መጀመሪያ፣ ዜማ ለወዳጃችሁ ስትሰጡ የሠሪውን ስም አብራችሁ ስጡ፤ ስሙ የጠፋ ሰው ዋጋ አይጠየቅለትምና። ሁለተኛ፣ ሥራው በገበያ ላይ የሚገኝና ሠሪው የሚጠቀምበት ከሆነ ገዝታችሁ ስሙ፤ የሁለት ስኒ ቡና ዋጋ ለእናንተ ትንሽ ነው። ሦስተኛ፣ ለበዓል ወደ ቤተ ሰብ ስትሄዱ ሣጥኑን ክፈቱ። ያገኛችሁትን ካሴት ከርጥበት አድኑ፤ የሚገለብጥ ሰው ፈልጉ፤ ከሁሉ በፊት ግን «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ባለቤቱን ሳይሞት ጠይቁ። የሰሜኑን ዋልያ ጠባቂ ዘብ ይጠብቀዋል፤ በሣጥን ያለውን ግን ከእናንተ በቀር የሚጠብቀው የለም።

ሻይ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሁላችንም ተነሣን። ውጭው ጭጋግ ነበር። ወጣቱ ሹም ጋቢውን እያጣፋ ወደ መንገድ መሪው ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያንን የ23 ደቂቃውንም እስቲ አሰማኝ፤ ቤቴ እስክደርስ ያልቃል» አለው። ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ ጆሮአቸውን ደፍተው ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።