ወፍራሙን ፊደል ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ



እህላችሁን አስጭናችሁ አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚያነጋግራችሁ ሰው አይደለም፤ ፊደል ነው። እህል በረንዳ አካባቢ ከሱቁ ግንባር ላይ፣ ከመኪናው በር ላይ፣ ከጆንያው ሆድ ላይ ጥቁር ወፍራም ፊደል ታያላችሁ። «ጤፍ»፣ «ስንዴ»፣ «100 ኪሎ» ይላል። ገና ከመኪና ሳትወርዱ ታነቡታላችሁ። ወፍራም ፊደል የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ከሩቅ ለመጥራት።

እስቲ መልኩን ልብ ብላችሁ እዩት። «በ» የሚለውን ፊደል ውሰዱ። ሁለቱ እግሮቹ እንደ ቤት ምሰሶ ወፍራም ናቸው፤ ከላይ የሚያገናኛቸው መስመር ግን ቀጠን ይላል። የእግሮቹም ጫፍ እንደ ሰኮና ሰፋ ብሎ ይቆማል። ይህን መልክ ያመጣው የማተሚያ መኪና እንዳይመስላችሁ። የጥንት ጸሐፊዎች መቃ ቀርጸው ብራና ላይ ሲጽፉ፣ የብርዑ አፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣል። በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 በሮም ከተማ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት ሲታተም፣ በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ፊደሉ በብረት ተቀረጸ እንጂ የመቃው መልክ አልጠፋም።

ታዲያ ጋዜጣው ለምን ሁሉንም በወፍራም አይጽፍም ትሉ ይሆናል። ቦታ ይፈጃል፣ ቀለም ይበላል፣ ዓይንም ያደክማል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጮህ ማን ማንን ይሰማል? ስለዚህ ወፍራሙ ለርዕስ ነው፤ ዝርዝሩ በቀጭን ይጻፋል።

ወፍራም ፊደል ሌላም ጉድለት አለው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ ሲጻፉ ሦስቱም ውስጥ ኃምስ ፊደል አለ፦ «ጤ»፣ «ዴ»፣ «ቄ»። የኃምስ ምልክቱ እግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ጆንያ ላይ ቀለሙ ሲበዛ ቀለበቷ ትደፈንና «ጤ» «ጢ» ይመስላል። ይህስ ግድ የለም፤ ጤፍን ማንም ያውቀዋል። ቁጥር ሲሆን ግን ያስከፍላል። የተደፈነ 3 እና 8 አንድ ይመስላሉ፤ 30 ብር ከ80 ብር ጋር አንድ አይደለም።

የቀጭኑ አደጋ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ አባት መሳለሚያ እህል አራግፈው ወረቀት ተሰጣቸው። ከላይ በወፍራሙ «የጤፍ ደረሰኝ» ይላል። ፊደል ቆጥረዋልና እሱን አንብበው ደስ ብሏቸው ፈረሙ። ከታች በካርቦን የተገለበጠው ቀጭን ጽሑፍ ግን እገሌ ይህን ያህል ጤፍ «ሰጠ» ነበር የሚለው። እርሳቸው የሚያውቁት «ሸጠ» ነው። ገንዘቡን ሲጠይቁ፣ በአደራ የሰጡት እህል ሲሸጥ ነው የሚከፈለው ተባሉ። ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው «ሸ» ራስ ላይ ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት። እውነቴን ነው፣ እኔም የተማርኩት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

ስለዚህ ወረቀት ሲሰጣችሁ ከታች ጀምራችሁ አንብቡ። ጣታችሁን ከፊደሉ ሥር አድርጉና አንድ በአንድ ሂዱ። የፈዘዘች ሰረዝ፣ የተደፈነ ቀለበት ወይም የማይለይ ቁጥር ካገኛችሁ ጸሐፊው አጠገቡ በእስክሪብቶ አጥርቶ ይጻፍላችሁ፤ ብሩና ኪሎው በአኃዝም በቃልም ይጻፍ። ቢቸኩልም ይጠብቅ። እህሉ ገና የእናንተ ነው።